ኢኮሎጂ ለምትወዱ ልጆች፦ ከከተማው ዳርቻ ጀምሩ

ኢኮሎጂን፣ ማለትም ዕፅዋትና እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት፣ ማጥናት የሚፈልጉ ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚያነሱብኝ ባሌንና ሰሜን ተራሮችን ነው። ቀይ ቀበሮ፣ ዋልያ። ይገባኛል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ምክሬ ሌላ ነው። በታክሲ ደርሳችሁ የምትመለሱበት አንድ ቦታ ምረጡ። እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ገፈርሳ፣ መናገሻ፣ የትኛውም ይሁን። ከዚያ ለዓመታት ተመላለሱበት።

አንድ ጊዜ ሄዶ የመጣ ሰው የሚያየው ዛፉን ነው። የሚመላለስ ሰው ግን የትኛው ችግኝ እንደበቀለ፣ የትኛውን ከብት እንደበላው፣ የትኛው በጋውን እንዳለፈ ያውቃል። የደን ጥናት ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ትልልቆቹ ሲሞቱ የሚተካቸው አለ ወይ?

እንጦጦን እንውሰድ። ባሕር ዛፍ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አዲሲቱ ከተማ ማገዶ አጥሯት ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ትረግሙታላችሁ፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ተንበርከኩና ሥሩን እዩት። ከብት በማይገባበትና አገር በቀል ዛፍ በቅርብ ባለበት ቦታ የጥድና የወይራ ችግኝ ታገኛላችሁ፤ ፍሬውን በልተው ዘሩን እዚያ የሚጥሉት ወፎች ናቸው። በሌላ በኩል የደጋ ደኖቻችን አፈር ሲመረመር የሚገኘው ዘር አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ነው። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ካለቁ በኋላ ቦታውን አጥሮ መጠበቅ ብቻውን ደኑን አይመልሰውም። ችግኝ ተከላ ላይ ስትሰማሩ ይህን አስቡ፤ የቆመ አሮጌ ወይራ ማትረፍ ብዙ ጊዜ መቶ ችግኝ ከመትከል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ዕፅዋት መለየት ተማሩ። ኮምፒውተሩን፣ ስታትስቲክሱን በኋላ ትደርሱበታላችሁ (የግድ ነው፣ አትሽሹት)፣ ግን ያልለያችሁትን ተክል ብትቆጥሩት ምን ዋጋ አለው? አገራችን 6,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያ አላት፤ ከአሥሩ አንዱ ሌላ አገር የለም። ይህን ሁሉ መዝግቦ በመጽሐፍ ማውጣት በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ያለቀው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ እነ ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ጀመሩት፣ እነ ሰብስቤ ደምሰው ዳር አደረሱት። ስምንት ቅጽ። የእናንተ ትውልድ በዚያ ላይ ቆሞ ነው የሚጀምረው፤ እባካችሁ ተጠቀሙበት።

ስለ እንስሳትም ያው ነው። ጅብ የተናቀ ነው፣ በየሰፈሩ ዳር አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን የጅብ ዓይነ ምድር ለቅመው በውስጡ ያለውን ፀጉር ሲመረምሩ፣ በዐቢይ ጾም ሰዉ ሥጋ ሲያቆምና የሚጣለው ትርፍራፊ ሲቀንስ፣ ጅቡ ወደ አህያ እንደሚዞር፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ይህ እንደሚቀንስ አሳዩ። ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ትክክለኛ ጥያቄና ትዕግሥት በቃቸው።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላችኋለሁ። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ተማሩ። በሱሉልታም ሆነ በሆለታ በኩል አካባቢውን የሚያውቁት እረኞቹና ባለከብቶቹ ናቸው፤ በአስተርጓሚ የምትሰሙት ግማሹን ነው። በአዳ በርጋ ረግረግ ላይ ክረምት ሣሩ ሲያድግ የምትራባ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፣ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል ትባላለች፣ በዓለም ላይ ልትጠፋ ከተቃረቡት ናት። በሐምሌና በነሐሴ ከብት ከገባ ጎጆዋ ይረገጣል። ከብቱን የሚያቆየው ደግሞ የእኛ ሪፖርት አይደለም፣ ባለከብቱ ነው። እሱ ካልተስማማና ሣሩን በኋላ እንደሚያገኝ እርግጠኛ ካልሆነ ምንም አይሆንም፣ መብቱም ነው።

ደመወዙን አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ነው። ቤተሰብም «ሣር ቆጥረህ ምን ልትበላ ነው» ይላል። መልስ የሚሆናችሁ ሥራ ግን አለ፦ ምርምር ተቋም፣ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ። እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ሜዳውና ረግረጉ በየዓመቱ ቤትና ድንጋይ መፍለጫ እየሆነ ነው፣ ሳየው ያመኛል። ዛሬ ያልተመዘገበውን ነገ ማንም ሊመዘግበው አይችልም።

ስለዚህ መስከረም ሲጠባ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ ውጡ። ፓርክና ጥብቅ ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ በክብደት ተጫኑት፣ እስኪደርቅ ድረስ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ያኔውኑ ጻፉ፤ ቤት ደርሼ እጽፋለሁ አትበሉ። ከዚያ አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ውሰዱትና እዚያ ካሉት ናሙናዎች ጋር አስተያዩት።