ሲንኩ ሥር ለሚረጥበው ወለል፦ መጀመሪያ ሲፎኑን እዪ

እህቴ፣ ጠዋት ሴራሚኩ ደረቅ ነው፣ ዕቃ ታጥቦ ሲያልቅ ሲንኩ ሥር ይረጥባል፣ ብወለውለውም ነገም ያው ነው ብለሽኛል። አንድ ሠራተኛ ዞኮሎውን (ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበትን ጠርዝ) በሲሊኮን ደፍኖልሽ ሄዷል፣ ከዚያ ወዲህ ባሰበት።

ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪኩን። እዚያ አካባቢ የተሰካ ፍሪጅ ወይም መሬት ላይ የተዘረጋ ኤክስቴንሽን ካለ ከብሬከሩ አጥፊ። እርጥብ ላይ ቆመሽ ሶኬት እንዳትነቅዪ።

እኔ የምጠረጥረው ሲፎኑን፣ ከሲንኩ ሥር ቆሻሻ ውሃ የሚያወጣውን ጠማማ ቱቦ ነው። ውሃ የሚያመጣው መስመር ቢሆን ግፊቱ ሌሊትም ስላለ ጠዋት ደረቅ አታገኚውም ነበር። ካቢኔውን ባዶ አድርጊ፣ መጋጠሚያዎቹን አድርቂና እያንዳንዱ ላይ ሶፍት ጠቅልዪ። ሲንኩን ደፍነሽ በውሃ ሙዪና በአንዴ ልቀቂው። የትኛው ሶፍት እንደረጠበ አይተሽ ሥሩ ባልዲ አድርጊና ዳዶውን (ቱቦዎቹን የሚያያይዘውን ማጥበቂያ) ፍቺ። ጎሚኒው (ውስጡ ያለው የላስቲክ ቀለበት) ወይ ደርቋል፣ ወይ ተገልብጦ ገብቷል፤ የጠበበው ጎኑ ወደሚገባበት አፍ፣ ሰፊው ወደ ዳዶው ነው መሆን ያለበት። ከርካሽ ሲፎን ጋር የሚመጣው ጎሚኒ ትንሽ የፈላ ውሃ ሲያልፍበት ቅርጹ ይጠፋል፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ቴፍሎን (ነጩ የቧንቧ ጥርስ መጠቅለያ) ተጠቅልሎ ካገኘሽ አንሺው፤ እዚያ ውሃ የሚይዘው ጎሚኒው እንጂ ጥርሱ አይደለም። በእጅሽ አጥብቂ፣ በፒንሳ ከታገልሽው ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ሲሊኮኑ ግን ያንገበግበኛል። ሴራሚኩ ራሱ ብዙም ውሃ አይጠጣም። በሴራሚኮቹ መሃል የተሞላው ስሚንቶ ግን ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው፣ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ውሃውን ወደ ጎንም ወደ ላይም ይስበዋል፣ ለዚህ ነው የሚያፈሰው ቦታና የሚረጥበው ቦታ የሚራራቁት። ሥር የገባው ውሃ ተንኖ የሚወጣው በዚያው ስሚንቶና በግድግዳው ጥግ ነው። ሰውዬው ያንን መውጫ ዘጋው። ውሃው ታፍኖ ሲቀር የካቢኔው እግር ያብጣል፣ የግድግዳው ቀለም ይላጣል። ሲሊኮኑን በስለት ገፈሽ አውጪው።

ከጥገናው በኋላ ካቢኔውን ከፍተሽ፣ ብሬከሩ ካልጠፋበት ደረቅ ክፍል የተሰካ ቬንትሌተር አዙሪበት፣ ቀናት ይወስዳል። ከዚያ 45 ሴንቲ ሜትር በ45 የሆነ ላስቲክ ስሚንቶው ላይ እንዲያርፍ አንጥፈሽ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቂና 24 ሰዓት ተዪው። ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ከያዘ ውስጡ ገና ውሃ አለ። ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፣ መስኮት ክፈቺ።

ፍሪጁን መልሰሽ የምትሰኪው ወለሉም ሶኬቱም ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። እስከዚያ ብሬከሩ እንደጠፋ ይቆይ።