"ልጄ ያስተረጉምልኛል" ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ልጅሽ አምስተኛ ክፍል ነው። ምሳውን "ይሸታል" እያሉ ይስቁበታል። ባስ ውስጥ ኮፍያውን ይነጥቁታል። ለአስተማሪዋ ሦስት ጊዜ ነግረሻታል፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሰኞ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ልትሄጂ ነው፤ "እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ልጄ ያስተረጉምልኛል" ብለሻል። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። በእናትሽ፣ ሰኞ አትሂጂ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

አሜሪካ የት ስቴት እንደሆንሽ አልጻፍሽም። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ የምነግርሽም የዚህኑ ነው።

1. ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው።

የኔ ልጅ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። እኔ ነርሲንግ ሆም ሌሊት እሠራለሁ። ሁለት ወር ሙሉ የምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል። ቤት ለምኜ የማጎርሰው ልጅ ትምህርት ቤት ጥርግ አድርጎ ይበላል ብዬ ለጓደኞቼ ጉራ ስነዛ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ፣ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ያለው ትራሽ ውስጥ ሽሮውን ሲደፋ አገኘሁት። ባስ ከመምጣቱ በፊት ይደፋዋል፣ ቀኑን ጦሙን ይውላል።

ለአስተማሪዋ ነገርኳት። ፈገግ ብላ "እከታተላለሁ" አለችኝ። እኛ አገር አስተማሪ እሺ ካለ አለቀ አይደል? አለቀ ብዬ ሄድኩ። ደግሜ ነገርኳት። ያው ፈገግታ።

በሦስተኛው ቢሮ ሄድኩ። ቆሜ ያደርኩበትን የሥራ ልብስ እንኳ አላወለቅሁም። ጸሐፊዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ "ቀጠሮ አለሽ?" አለችኝ። የለኝም። ቁጭ በይ። 40 ደቂቃ ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ የመጣች እናት በስሟ ተጠርታ ገባች። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ጆሮዬ እንደማይሰማ ሁሉ እየጮኸች፣ ቃሉን እየቆራረጠች ታናግረኝ ጀመር። እንግሊዝኛ እሰማለሁ እኮ! ሲያፈጥኑት ነው የሚያመልጠኝ። በመጨረሻ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወጣ። አስተርጓሚ የለም፣ ልጁ ከክፍል ይጠራ ተባለ።

ልጄ መካከላችን ተቀመጠ። ሰውዬው ረዘም አድርጎ ተናገረ። "ምን አለ?" አልኩት። "እናስተካክላለን፣ አታስቢ አለሽ" አለኝ። ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

በእውነት ምን እንደተባለ ልጄ የነገረኝ ከወራት በኋላ ነው። "አንተስ ምን አድርገሃቸው ነው? ለመግባባት ሞክር እንጂ" ነው ያለው። እንዳላለቅስ ብሎ ለውጦ ነገረኝ። እኔ እጅ የነሣሁት ለዚያ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል።

አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የነሱ ግዴታ ነው። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ማነጋገር አለበት። ቀጠሮ ስትይዢ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በያቸው። አትሽኮርመሚ፣ ውለታ አይደለም። ሰው ካጡ በስልክ ያገናኙሽ።

2. በአፍ ብቻ አትናገሪ።

እኔን ያከሰረኝ ይኼ ነው። ባስ ውስጥ ከኋላው የሚቀመጠው ልጅ በየቀኑ ጆሮውን በጣቱ ይመታዋል። አንድ ሐሙስ ልጄ ዞሮ በቦክስ አለው። ጥፋቴን አልደብቅም፣ "አንተስ እጅ የለህም?" ያልኩት እኔው ነኝ። ለአንድ ቀን ከትምህርት ቤት ታገደ፣ ከባስ ደግሞ ለሳምንት ታገደ። ሌሊት ሠርቼ፣ ጠዋት አድርሼው፣ ከሰዓት ለማምጣት እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ። ሁለት ሺፍት ሰረዝኩ። ያ ማለት የመብራት ሒሳብ ነው።

ሚቲንጉ ላይ "ሁለት ወር ሙሉ ስነግራችሁ የት ነበራችሁ!" አልኳቸው። ርዕሰ መምህሯ ፋይሉን ገለጠች። "የተመዘገበ ነገር የለም" አለችኝ። አልዋሸችም። አስተማሪዋ አልጻፈችም፣ ምክትሉ አልጻፈም፣ እኔም አልጻፍኩም። ፋይሉ ውስጥ ያለችው አንዲት ወረቀት ልጄ ሰው መምታቱን የምትናገረዋ ናት።

ለካ ለዚህ ነገር የተዘጋጀ ፎርም አለ! ሜሪላንድ ውስጥ ስለ ቡሊ፣ ማለትም ልጆች ልጅን እየደጋገሙ ሲያጠቁ፣ ሪፖርት ስለማድረግ የሚደነግግ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። ፎርሙን ተማሪው ራሱም፣ ወላጅም፣ አክስትም መሙላት ይችላሉ። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። የነገረችኝ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች እናት ናት። አማርኛውን አግኝቼ ሞላሁት።

ስትሞዪ "ልጄን ያስቸግሩታል" አትበዪ። ማክሰኞ፣ ከሰዓት፣ ባስ ውስጥ፣ ጆሮውን አራት ጊዜ መታው፣ እከሌ አይቷል፤ እንዲህ አድርጊው። የሰደቡትን ስድብ እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው። ከመስጠትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

3. ያነጋገሩሽ ቀን ማታውኑ ኢሜይል ላኪ። "ዛሬ እንዲህ ተባብለናል፣ እስከ ዓርብ ይህን አደርጋለሁ ብለኸኛል" ይበቃል። የጎግል ትርጉምም ቢሆን ችግር የለውም።

ፎርሙን በሰጠሁ በሳምንቱ ማን ቢደውልልኝ ጥሩ ነው? ያ እጅ የነሣሁት ሰውዬ! በአስተርጓሚ! ልጄ ከሹፌሩ ጀርባ እንዲቀመጥ ተደረገ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሯም፣ በየሳምንቱ ታናግረው ጀመር። በአፍ ሁለት ወር የለመንኩት ነገር ነው።

አራተኛም ነበረኝ፣ ንዴቴ ቀደመኝ። "ያኛውን ልጅ ምን አደረጋችሁት?" ማለትሽ አይቀርም። አይነግሩሽም። ፌርፓ የሚባል የተማሪ መረጃ ሕግ አለ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቅጣት ለአንቺ አይነገርም። ይህን ሳላውቅ ግማሽ ሰዓት ስጮህ ነበር። ግን ያው ሕግ የራስሽን ልጅ ፋይል የማየት መብት ይሰጥሻል። በጠየቅሽ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለባቸው። እኔ ጠየቅሁ፣ አየሁ፣ "ይቺ ልጄ መታ የምትለው ወረቀት ትስተካከል" አልኩ። እምቢ አሉ። ሂሪንግ፣ ቅሬታዬ የሚሰማበት ስብሰባ፣ ጠየቅሁ፣ እዚያም እምቢ። እንዲያም ሆኖ የራሴን ማብራሪያ ከወረቀቷ ጋር የማስቀመጥ መብት ነበረኝ። ግማሽ ገጽ በራሴ እንግሊዝኛ ጻፍኩ። ልጄ አነበበና "ማሚ፣ ሁለት ቦታ ስፔሊንግ ተሳስተሻል" አለኝ። እንዳለ ይግባ አልኩት። እንዳለ ገባ።

"ምሳውን ሳንድዊች ላድርግለት?" ብለሻል። ባህልሽን ለምን ትደብቂያለሽ የሚሉሽ ይኖራሉ። እነሱ ካፍቴሪያ አይቀመጡም። ልጁን ጠይቂው። የኔው ልጅ "ፓስታ" አለኝ፣ ፓስታ አደረግሁለት። ሽሮው ቤት ይጠብቀዋል። ከባስ ወርዶ ሲገባ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ነው ድስቱን የሚከፍተው።