መልስ፦ ዴሊ ቺካጎን 21 ዓመት እንዴት ያዘ?

ወዳጄ፣ «በሕግ የቺካጎ ከንቲባ ደካማ ከሆነ ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ ከ1955 እስከ 1976 እንዴት እንዳሻው አደረገ?» ብለሃል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ቁልፉ ከንቲባነቱ ብቻ አልነበረም። በ1953 የኩክ ካውንቲ (ቺካጎ የምትገኝበት አውራጃ) ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኖ ነበር፤ ከንቲባ ሲሆንም ያንን ወንበር አልለቀቀም። ሕጉ ሥልጣኑን ለ50ዎቹ የምክር ቤት አባላት ቢሰጥም፣ አብዛኞቹን ለእጩነት ያቀርብ የነበረው እሱ የሚመራው ፓርቲ ነበር። የበጀት ዝግጅቱንም ከምክር ቤቱ ወደ ቢሮው አዞረው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የታችኛው አሠራር ነው። ከተማዋ በ50 ዋርዶች (እያንዳንዳቸው አንድ የምክር ቤት አባል በሚመርጡ ወረዳዎች)፣ ዋርዱ ደግሞ በምርጫ ጣቢያዎች ይከፈላል። በዴሊ ዘመን የፓርቲው የጣቢያ ተጠሪ ብዙ ጊዜ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። የማን ቆሻሻ ሳይነሳ እንደሰነበተ፣ የማን ደጃፍ መብራት እንደጠፋ ያውቅ ነበር፤ ለዋርዱ የፓርቲ አለቃ ነግሮ ያስጠግን ነበር። በምርጫ ቀን በር እያንኳኳ ሰዉን ለድምፅ ያስወጣ ነበር። በጣቢያው ፓርቲው የሚያገኘው ድምፅ ከቀነሰ እንጀራው አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር።

ለዚህ ነው በቺካጎ በተካሄደው የ1968ቱ የፓርቲው አገር አቀፍ ጉባኤ ፖሊስ ሰልፈኞችን ሲደበድብ አገር በቴሌቪዥን አይቶ እንኳ ዴሊ በ1971 በሰፊ ልዩነት ያሸነፈው። ይህን «ማሽን» የሚባለውን የፓርቲ መዋቅር ውስጥ ለውስጥ የሰረሰረው ሻክማን የተባለ ጠበቃ ያቀረበው ክስ ነው፤ በ1972 በተደረሰው ስምምነት ሠራተኛን በፖለቲካ ምክንያት ማባረር ታገደ።