ጸሎቴም ቁስሌም በአንድ ቤት አደጉ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? በአዲስ አበባ የምኖር፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የምገኝ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። እናቴ በሕፃንነቴ ስላረፈች ያደግሁት በአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ጾም የማትሽር፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያከብራት ሴት ናት። እኔን ግን በረባው ባልረባው በወይራ ልምጭ ትገርፈኝ ነበር። ከግርፋቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚዘገንነኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ጓዳ ውስጥ አንበርክካ ዳዊት ታስደግመኛለች፤ ቃል ስስት ልምጩ እንደገና ይነሣል። ጨለማው ውስጥ ቆልፋብኝ ያደርኩበትም ሌሊት ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ልጄ እኔ ዳዊት መድገም በተማርኩበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ ግን ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። እንቅልፍ አጣሁ፤ በር ሲንኳኳ እበረግጋለሁ። የከፋው ግን በጸሎት ሰዓት የሚደርስብኝ ነው። ዳዊቴን ስከፍት እጄ ይቀዘቅዛል፣ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል፣ የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው ሆኖ ከሩቅ ይሰማኛል። ባለፈው የስቅለት ዕለት ስሰግድ ውዬ ማታ ለጥብጠባ ተሰለፍኩ። ካህኑ ወይራውን ከፊቴ በነበሩት እናት ትከሻ ላይ ሲያሳርፉ የቅጠሉን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት ከቅጥሩ ውጭ፣ ነጠላዬ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው “ፈተና ነውና ጸሎትና ስግደት አብዢ፤ አክስትሽንም ይቅር በያት” አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወስዶኝ ሕክምና ጀምሬያለሁ። ባለሙያዋ ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ስለ እምነቴ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ፈርቼ አላነሣሁትም። የማኅበር ጓደኛዬ “ክርስቲያን የነፍሱን ጉዳይ ለዓለማዊ አማካሪ አይሰጥም” ትለኛለች። በዚህ መካከል አክስቴ ታምማ አልጋ ይዛለች። ዘመዶቼ ሄጄ እንዳስታምማት ይወተውቱኛል፤ “ሳትታረቂ መባሽም ቁርባንሽም ከንቱ ነው” ይሉኛል።

ጸሎቴን መተው አልፈልግም፤ ያለ እርሱ መኖርም አልችልም። ነገር ግን የሚያሳምመኝም እርሱ ሆኗል። ሕክምናውንና መንፈሳዊ ሕይወቴን እንዴት አስማምቼ ልያዝ? ስለ አክስቴስ ምን ይሻለኛል?

ወለተ ማርያም ነኝ (ስሜ ተቀይሯል)፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ ወለተ ማርያም፤

በስቅለት ዕለት ከቅጥሩ ያስወጣዎት የእምነት ማነስ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጾመው፣ ሰግደውና ደክመው ሳለ በልጅነትዎ ከግርፋት ጋር አብረው የነበሩት ነገሮች፣ ማለትም መንበርከኩ፣ ዳዊቱ፣ ከበላይዎ የቆመ ታላቅ ሰውና የወይራው ድምፅ፣ በአንድ ቅጽበት ተሰበሰቡብዎ። አደጋን የሚጠብቀው የአእምሯችን ክፍል፣ ሐኪሞች አሚግዳላ የሚሉት፣ የዛሬው ወይራ የበረከት መሆኑን እስኪያጣሩ አይጠብቅም፤ ማሰብ ከመጀመራችን በፊት ሰውነትን ለሽሽት ያዘጋጃል፣ ወይም ያደነዝዛል። ከሩቅ የሚሰማዎት የራስዎ ድምፅም ማምለጫ የሌላት ልጅ በጓዳው ውስጥ ሕመሙን የቻለችበት መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ በተደጋጋሚና ማምለጫ በሌለው በደል የሚመጣውን ይህን መሰል ጉዳት ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ልጅዎ እርስዎ በተጎዱበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ ሕመሙ መቀስቀሱም በብዙ ወላጆች ላይ የሚታይ ነው።

ለማኅበር ጓደኛዎ የምመልሰው አጭር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። በጸበል ቦታዎች ብዙ ሕሙማን ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒታቸውን ባቋረጡበት ዘመንም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እንደማይቃረኑ በአደባባይ ተናግረዋል። ለሥጋ የተፈቀደው ሕክምና ለቆሰለ አእምሮ የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። የብዙ አማኞች ችግር ሕክምናውና ጸሎቱ መጣላታቸው ሳይሆን ሁለቱ በተለያየ ክፍል ተዘግተው መቀመጣቸው ነው፤ ባለሙያዋ ስለ ዳዊቱ አታውቅም፣ ካህኑ ስለ ልምጩ አያውቁም። በእርስዎ ላይ ግን በደሉ የተፈጸመው በጸሎት መካከል ስለሆነ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማዳን አይቻልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ለባለሙያዋ የሚነግሯት የመጀመሪያ ነገር ስለ ጓዳውና ስለ ዳዊቱ ይሁን። እምነትዎን እንድትጋራዎ አያስፈልግም፤ በዚያ መጽሐፍ ፊት ሰውነትዎ ምን እንደሚሆን ማወቅ ግን ለሥራዋ የግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዓይነት ጉዳት ከመከራቸው ሕክምናዎች መካከል በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና እንዲሁም በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘው ሕክምና ይገኛሉ። ባለሙያዋ የትኛውን እንደምትከተል መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። በዚህ ሙያ ስማቸው የሚጠራው አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እንደሚያስተምሩት ማገገም የሚጀምረው ሰውነት ደኅንነት እንዲሰማው በማድረግ ነው፤ የሆነውን አስታውሶ ማልቀስ ከዚያ በኋላ፣ ከሰውና ከኑሮ ጋር እንደገና መያያዝ ደግሞ በመጨረሻ ይመጣል። ንስሐ አባትዎ በቅንነት ያዘዙት ስግደትና ይቅርታ ይህን መንገድ ከመጨረሻው የሚያስጀምር ሆነ። በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ ስግደት አላዘዘውም። እንጎቻና ውኃ ሰጥቶ አስተኛው፤ ቀስቅሶም እንደገና መገበው። ወደ ኮሬብ የሚወስደው የአርባ ቀን መንገድ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ምዕራፍ ለተጎዱ ሰዎች ደጋግሜ የማነሣው፣ እግዚአብሔር ለዛለ ሰው በመጀመሪያ ምን እንዳደረገለት ከዚህ ይልቅ በግልጽ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው።

እንግዲህ ዳዊቱን ለጊዜው ያሳርፉት፤ መተው አይደለም። በእርሱ ፋንታ ጠዋት፣ ብርሃን በሚገባበት ክፍል፣ በሩ ተከፍቶ፣ ቆመው ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ አጭር ጸሎት ያድርጉ። መቁጠሪያዎን በእጅዎ ይዘው በእያንዳንዱ ፍሬ “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” እያሉ ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይልቀቁ። ረዘም ያለ የትንፋሽ አወጣጥ የልብን ምት የሚያረጋጋውን ነርቭ ያግዛል፤ የፍሬው ሻካራነት በጣትዎ መዳሰሱ ደግሞ ያሉት በጓዳው ሳይሆን በራስዎ ቤት መሆኑን ለሰውነትዎ ይነግረዋል። እጅዎ መቀዝቀዝ ሲጀምር እንደ ድል የሚቆጠር ትዕግሥት የለም፤ እዚያው ያቁሙ፣ የክፍሉን ግድግዳና መስኮት ይመልከቱ፣ ውኃ ይጠጡ። ቅዳሴ የሚሄዱ ከሆነም በቀላሉ መውጣት በሚችሉበት ከበሩ አጠገብ ይቁሙ። በቅዳሴ ጸሎቱን ሌሎች ስለሚያዜሙልዎ ቃል ስቼ ይሆን የሚለው ፍርሃት አይኖርም፤ ለእርስዎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ዳዊት የሚመለሱበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋግረው በጥቂት ቁጥር ይጀምሩ። አክስትዎ ያንን መጽሐፍ መቅጫ አደረገችው እንጂ መጽሐፉ የተበደለ ሰው ጩኸት የሞላበት ነው። መዝሙር 87ን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች 88ን) ቢያነቡ መጽናኛ ሳይሰጥ በጨለማ ሲያበቃ ያገኙታል። ያንን ምሬት በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ ያኖረ አምላክ የእርስዎን ዝምታና ንዴት ሰምቶ አይቆጣም ብዬ አምናለሁ።

ንስሐ አባትዎን በተመለከተ፣ አያሳዝኗቸው፤ ግን ከዚህ በላይ ይንገሯቸው። የሚያምኗቸው አባት ናቸውና “አባቴ፣ በልጅነቴ በወይራ እየተገረፍኩ ነው ዳዊት የተማርኩት፤ ስሰግድ ራሴን እስታለሁ፤ በሕክምና ላይ ነኝ” ብለው በቀጥታ ይንገሯቸው። የታመመ ሰው ጾሙና ስግደቱ እንዲቀልለት መፍቀድ በካህኑ ሥልጣን ውስጥ ያለ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም የተለመደ ነው። በሚመጣው ስቅለት ከጥብጠባው ይልቅ በመስቀል ባርከው እንዲያሰናብቱዎ አስቀድመው ይጠይቋቸው። መድኃኒት ከተጀመረልዎም የጾም ሰዓትዎን ከሐኪምዎና ከእርሳቸው ጋር ተመካክረው ይወስኑ።

አሁን ስለ አክስትዎ። ዘመዶችዎ የሚጠቅሱት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቃል፣ መባህን በምታቀርብበት ጊዜ “ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው” ብታስብ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። የታዘዘው ሌላው የሚቀየምበት ሰው፣ ማለትም በዳዩ ነው። ይህን ቃል የተገረፈችውን ልጅ ለማሳደድ መጠቀም ያሳዝነኛል። መቁረብ አለመቁረብዎም በእርስዎና በንስሐ አባትዎ መካከል የሚወሰን እንጂ የዘመድ ጉባኤ የሚፈርድበት ጉዳይ አይደለም።

ይቅርታ ግን ታላቅ ነገር ነው፤ ልብዎ ወደዚያ እንደሚያዘነብል ከደብዳቤዎ ይታየኛል። ስለዚህ ዮሴፍን በጥሞና እንዲያነቡት እመክራለሁ። ወንድሞቹ በፊቱ ሲወድቁ ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ራሱን ሰውሮ ቆየ፣ ከእነርሱ ዘወር ብሎ አለቀሰ፣ በብንያም ላይ የሚያደርጉትን አይቶ መለወጣቸውን መረመረ። ከታረቀ በኋላም በዘፍጥረት ምዕራፍ 50 “እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ” ሲል ክፋቱን በስሙ ጠራው። ይቅር ለማለት የተደረገብዎትን ማሳነስ አይጠበቅብዎትም፤ ይቅር ያሉትን ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ውሎ አድሮ ማስታመምም ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፦ አሁን አይሂዱ። ልብዎ ከፈቀደ ለአስታማሚ የሚሆን ገንዘብ በባለቤትዎ እጅ ይላኩ፤ ካልፈቀደም አይላኩ። ዘመዶችዎንም ባለቤትዎ ያነጋግርልዎ፤ “በሕክምና ላይ ነች፣ ሐኪሟ እስክትፈቅድ አትመጣም” ማለት በቂ ነው። አክስትዎ ይህ ሳይሆን ብታርፍ ጥፋተኛዋ እርስዎ አይደሉም፤ ለነፍሷ መጸለይ ከፈለጉም ከሞቷ በኋላም ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ሲከናወን ራስዎን የሚስቱበት ጊዜ ከጨመረ፣ በተለይም እሳት ዳር ወይም ልጅዎን ይዘው መንገድ ሲያቋርጡ ከደረሰብዎ፣ አሊያም መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን የሥነ አእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ባለቤትዎም ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ልጅዎን ደግሞ ዳዊት የሚያስተምራት ሌላ ሰው፣ ልምጭ የማይይዝ ረጋ ያለ መምህር ይሁን፤ እርስዎ አጠገቧ የሚቀመጡት ሰውነትዎ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከባለሙያዋና ከንስሐ አባትዎ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ የደረሱበትን ቢጽፉልኝ በደስታ እመልስልዎታለሁ።