ቀይ መብራት የሚያበራ ያገለገለ አምፕ (ድምፅ ማጉያ)፦ መቼ ነው የሚበራው?

ሰላም ወንድሜ። «ደሴ ፒያሳ ያገለገለ ስቴሪዮ ፓወር አምፕሊፋየር ገዛሁ፤ ቀይ መብራት ይበራበታል፤ ተቃጥሏል ማለት ነው ወይ?» ብለሃል። ከላይ «አለቀለት፣ መልስለት» ያሉህ ወንድሞች ቸኩለዋል። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዋናው መቼ እንደሚበራ ነው።

ገና ስታበራው ፕሮቴክት (መከላከያ) የሚለው መብራት በርቶ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ውስጡ «ቀጭ» ብሎ ከጠፋ ጤነኛ ነው። ቀጭ የሚለው ሪሌዩ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ማሽኑ እስኪረጋጋ ስፒከሩን ለይቶ ያቆየዋል።

ዘፈን ሲጮህ ብቻ ብልጭ የሚለው ክሊፕ ነው፣ ድምፁ ከአምፑ አቅም አለፈ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ላይ ፒክ ይላል። ከበሮው ሲመታ አልፎ አልፎ ብልጭ ቢል ችግር የለውም። በርቶ ከቀረ ግን ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቀላቀያው) የሚመጣው በዝቷልና ቀንስ። ሰው ትልቅ አምፕ ይፈራል እንጂ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር) ሲፈጅ ደጋግሜ ያየሁት ከአቅሙ በላይ የሚጮህ ትንሽ አምፕ ነው።

ፕሮቴክት በርቶ አልጠፋም ካለ ነው ነገሩ። አጥፋውና የስፒከር ገመዶቹን በሙሉ ከጀርባው ንቀል፤ ከሚክሰር የሚመጣውንም። ከዚያ ባዶውን አብራው። መብራቱ ከጠፋ አምፑን ተወው፣ ገመዱንና ስፒከሩን ፈትሽ። ኮምቦልቻ አንድ ሠርግ ላይ «ትራንዚስተሩ ሄዷል» ተብሎ ሊፈታ የነበረ አምፕ አጋጥሞኛል። ችግሩ ከቀዩ ተርሚናል ወጥታ ጥቁሩን የነካች ፀጉር የምታክል የሽቦ ክር ነበረች። ቆረጥናት፣ ገመዱን ጠምዝዘን አጥብቀን አሰርነው፣ ጭፈራው ቀጠለ።

ኦሙንም (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) እይ፤ ባነሰ ቁጥር አምፑ ላይ ጫናው ይበዛል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር በአንድ ቻናል ላይ በፓራለል (ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር) ብታስር 4 ኦም ይሆናል፤ ሁለት ባለ 4 ብታስር ደግሞ 2 ይወርዳል፣ 2 ኦምን ብዙ አምፕ አይችለውም። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነም የቀድሞው ባለቤት ከጀርባ ያለውን መቀየሪያ ብሪጅ (ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ የሚያዋህደው) ላይ ትቶት እንዳይሆን ተመልከት፤ ስቴሪዮ ላይ መልሰው።

ባዶውንም ሆኖ ካልጠፋ ጉዳቱ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመውጫው ትራንዚስተር ሾርት አድርጓል። በዚህ ጊዜ «ሪሌዩን አልፈን እናገናኘው» የሚል ሰው እንዳታምን። ሪሌዩ ያገደው ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ቮልቴጅ በቀጥታ ስፒከሩ ውስጥ ይገባና ኮይሉን (የውስጥ ጥቅል ሽቦውን) ያነደዋል። ፊውዝ በሽቦ ልተካ የሚልህ ካለም ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ራስህም አትክፈተው፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) የያዙት ኤሌክትሪክ ክፉኛ ይመታል።

ቆይቶ፣ ሲሞቅ የሚበራ ከሆነ ግን አትደንግጥ። ፋኑ ይዞር እንደሆነ እይ፣ በአየር ማስገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ አስጠርግ፣ ከላዩም ጨርቅ አታልብሰው። ደሴ ብርድ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሠራ አምፕ ኮምቦልቻ ወርዶ በጠራራ ፀሐይ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ሊያቆም ይችላል፤ ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን መተንፈሻ አጥቶ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ከጀርባው 120 ቮልት ተጽፎ እንዳይሆን አንብብ፤ የእኛ 220 ነው።

አሁን ባዶውን አብራውና ጠፋ ወይ አልጠፋም፣ ስፒከሮችህ ጀርባ ስንት ኦም እንደሚልም ጨምረህ እዚሁ ጻፍልኝ። ሻጩ ለመመለስ የሰጠህ ቀን ካለ ሳያልፍብህ ዛሬውኑ አድርገው።