ወንድሜ በእኔ ስም ቤት ቢገዛስ?

ጥያቄ፦ እስራኤል የገባሁት በ2012 (እንደ ፈረንጆች) ነው። እስካሁን ኪራይ ቤት ነኝ። አሁን በስንት መከራ ሚሽካንታ (የባንክ የቤት ብድር) ተፈቅዶልኝ 1.8 ሚሊዮን ሸቅል የሚሸጥ ቤት አይቻለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ በዚሁ ዋጋ እዚህ ቤት መግዛት አምሮታል። ገና ዓሊያ አላደረገም (ለመኖር ወደ እስራኤል አልገባም)፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። አጎታችን «በእሷ ስም ግዛው፣ ግብሩ ይቀርልሃል» እያለ ልቡን አነሳስቶታል። እምቢ ብል ስስታም ልባል ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እምቢ በይ እህቴ። አጎትሽን አክብሪያቸው፣ ምክራቸውን ግን ተይው።

«ግብር» የሚሉት ማስ ረኪሻን ነው፤ ቤት ሲገዛ አንዴ የሚከፈለውን። (ብዙ ሰው ከአርኖና ጋር ያምታታዋል። አርኖና ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ለማዘጋጃ ቤት የሚከፍለው ነው።) ማስ ረኪሻ ላይ ዋናው ነገር ገዢው ማን እንደሆነና ውሉ መቼ እንደተፈረመ ነው።

አንቺ የአገሩ ነዋሪ ነሽ፣ ሌላ ቤትም የለሽም። ስለዚህ እስከ 1,978,745 ሸቅል ድረስ ምንም አትከፍዪም። የኦሌ ኻዳሽ (በዓሊያ የገባ አዲስ መጤ) መብትሽ 7 ዓመቱ ሞልቶ በ2019 አልቋል፣ በዚህ ዋጋ ግን ምንም አልቀረብሽም። ወንድምሽ ዛሬ በራሱ ስም ቢፈርም ከመጀመሪያዋ ሸቅል ጀምሮ 8 በመቶ ነው፣ 144,000 ሸቅል። ያስደነግጣል፣ እውነት ነው፤ የአጎትሽ ዘዴም ከዚሁ ድንጋጤ የመጣ ነው።

ሂሳቡን ግን እስከ መጨረሻው እንስራው። የእሱ ቤት በስምሽ ከገባ በኋላ የራስሽን ስትገዢ ያ ሁለተኛ ቤትሽ ነው የሚባለው። ስምንት በመቶዋም ወደ አንቺ ዞረች፣ ያው 144,000። በዚያ ላይ ቤቱ የእሱ ሆኖ ለግብር መሥሪያ ቤቱ «የእኔ ነው» ብለሽ መፈረም የሐሰት መግለጫ ነው፣ በወንጀል ያስጠይቃል። ነገ ወንድምሽ ትዳር ይዞ «ቤቴን መልሺ» ሲል የሚመጣውን ጭቅጭቅ እንኳን ልተወው።

ለእሱ የሚሻለው የዓሊያው ቀን እስኪቆረጥ መታገሥ ነው። የኦሌ ቅናሽ ከዓሊያ 1 ዓመት በፊት ይጀምርና እስከ 7 ዓመት በኋላ ይቆያል። ከነሐሴ 2024 (እንደ ፈረንጆች) አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ለኦሌ እስከ 1,978,745 ዜሮ፣ ከዚያ በላይ እስከ 6,055,070 ድረስ ግማሽ በመቶ ብቻ ሆኗል። 2.5 ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት ቢሆን እሱ ከዓሊያ በኋላ 2,606 ሸቅል ገደማ ይከፍላል፤ አንቺ ወደ 20,500፤ የውጭ ነዋሪ 200,000። ግን ቅናሹ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ እንዳያባክነው። ቸኩሎ ቢገዛና በ2 ዓመት ውስጥ ነዋሪ ቢሆን እንኳ፣ እዚህ ሌላ ቤት ከሌለው እንደ አንቺ በነጠላ ቤት ተመን እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ስለ ቀኑ አደራ፦ የሚቆጠረው ቁልፍ የተረከባችሁበት ሳይሆን የፈረማችሁበት ነው። ደላላው «ዝም ብላችሁ ዚክሮን ድቫሪም (ከዋናው ውል በፊት የሚፈረም አጭር ስምምነት) ፈርሙ፣ ወረቀት ብቻ ናት» ቢላችሁ እንዳትሰሙት፤ ያቺ ወረቀት እንደ ውል ልትቆጠር ትችላለች፣ ቀኑም ከዚያ ይጀምራል። ከፈረማችሁ በኋላ በ30 ቀን ማስታወቅ፣ በ60 ቀን መክፈል አለ። ይህን ጠበቃው ይይዘዋል።

ለአጎትሽ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቢላቸው፦ «ያንን 144,000 ለእኔ ማን ይከፍልልኛል?»