«ለሰው ልጅ ፈገግታ፣ ለራስሽ ልጅ ቁጣ»

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ በክፍሌ 62 ልጆች አሉ። ልጆቹ ሲረብሹም፣ ወላጅ መጥቶ ሲጮህብኝም ፈገግ ብዬ አሳልፋለሁ። ቤት ስገባ ግን የ6 ዓመት ልጄ ደብተሯን ይዛ ስትጠጋኝ እጮህባታለሁ። ባለቤቴ «ለሰው ልጅ ፈገግታ፣ ለራስሽ ልጅ ቁጣ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት እናቷ የሞተችባት ተማሪዬ ስታለቅስ ምንም አልተሰማኝም። ክፉ ሰው እየሆንኩ ይሆን?

መልስ፦ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ነገር ባላሳሰበዎት ነበር። የገለጹት ሁኔታ በሥራ ጫና የሚመጣ የስሜት መዛል ይመስላል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ ሦስት ገጽታዎች እንዳሉት አሳይተዋል፦ ስሜት ተሟጦ ማለቅ፣ ለሚያገለግሉት ሰው መደንዘዝ፣ «ልፋቴ ዋጋ የለውም» ማለት። በልጅቷ ለቅሶ ጊዜ የደረሰብዎት ሁለተኛው ነው። ስሜቱ እስኪመለስ አይጠብቁ፤ ነገ በእረፍት ሰዓት አጠገቧ ቁጭ ብለው «ስለ እናትሽ በጣም አዝናለሁ» ይበሏት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ ፈገግታው እንምጣ። ሶሺዮሎጂስቷ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የበረራ አስተናጋጆች ስሜታቸውን ለሥራው ሲሉ እንዴት እንደሚገሩ አሳይተዋል። አንዱ መንገድ ውስጥ እየተቃጠለ ፊትን ብቻ ማሳመር ነው፤ ሌላው ስሜቱን ራሱን ለመለወጥ መሞከር። ከዚያ ወዲህ በመምህራን ላይም የተደረጉ ጥናቶች ከመዛል ጋር አብዝተው ያያያዙት የመጀመሪያውን ነው። እርስዎም ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት እሱን ነው።

አንድ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ጓደኛውን በእርሳስ ወጋ እንበል። ጥርስዎን ነክሰው ፈገግ ከማለት፣ ድምፅዎን ሳያነሱ «ልጆች፣ አሁን ተናድጃለሁ፤ አንድ ደቂቃ ዝም እንልና ከዚያ እንቀጥላለን» ይበሉ። «እናንተ ናችሁ ያናደዳችሁኝ» ካከሉበት ግን ወቀሳ ይሆንና ክፍሉ ይባስ ይረበሻል። የተቆጣ ወላጅንም ክፍል በር ላይ ቆመው አያስተናግዱ፤ ሰዓት ቀጥረው ዩኒት ሊደሩ ባሉበት ያነጋግሩ።

ቤት ሲገቡ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ለብቻዎ ይያዙ። ለልጅዎ የሰዓቱን ቆጣሪ አሳይተው «ይህ እዚህ ሲደርስ እመጣለሁ» ይበሏትና በሰዓቱ ይምጡ፤ አንድ ሁለቴ ከዘገዩ አታምንዎትም። ይህን እረፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ስልክ ነው። የወላጆችን የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈቱ ወደ ሥራ ተመልሰዋል ማለት ነው።

ደብተሯን በሥራ ቀናት አባቷ ይይላት። ለእርስዎ የቤት ሥራ ማሳየት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ነው፤ ጩኸቱም የሚመጣው እዚያው ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከእሷ ጋር ይጫወቱ፣ ፀጉሯን ይሥሩላት። ከጮሁም ሳትተኛ «ደክሞኝ ነው የጮህኩት፤ አንቺ አላጠፋሽም» ይበሏት። «ግን አንቺም…» አይጨምሩበት።

ባለቤትዎን በጭቅጭቅ መሃል ሳይሆን ልጅቷ ከተኛች በኋላ ያነጋግሩ። «እዚያ ፈገግ የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ስገባ 20 ደቂቃ ልጅቷን ያዝልኝ፣ የቤት ሥራዋንም አንተ እይላት» ይበሉት። «አግዘኝ» ብቻ ካሉት ምን እንደሚያግዝ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ግን 62 ልጅን 40 አያደርገውም። የክፍሉ ብዛት የእርስዎ ድክመት አይደለም፤ ሸክሙንም በትዕግሥት ብቻ ተሸከሙት የሚልዎትን አይስሙ። ርዕሰ መምህሩን «ሥራ በዛብኝ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሴሚስተር የክበብ ኃላፊነቱ ይነሳልኝ» ብለው ይጠይቁ። ደብተርም በቀን አንድ ረድፍ፣ 15 ያህል፣ እዚያው ትምህርት ቤት ያርሙ።

በመጨረሻ ጤናዎን ይመርመሩ። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ድካምና ብስጭት ያመጣሉ። የሥራ መዛል በእረፍት ቀናት በመጠኑም ቢሆን ቀለል ይላል። ሐዘኑ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ እሁድም ሳይለቅዎ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ለባለቤትዎ ነግረው አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።